የቡርሀን ታንኳ እስኪወድቅ

ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ

ይህን ደብተር የገዛሁት የእንግዶቼን ስም ልመዘግብበት ነበር። እንግዳ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነ፤ እንግዲያውስ የራሴን ነገር ልጻፍበት። አሥራ አንድ ዓመት አስጎብኚ ነበርሁ። አሁን ገዳም አሳየኝ፣ ፏፏቴ አሳየኝ የሚል ሰው የለም። ባለቤቴ ሱምያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች፤ የምንኖረው በእሷ ደመወዝ ነው። አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ግን ወሬ አለ። በየአገሩ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ቦታዎች የሚሰበስብ አንድ ድረ ገጽ አለ። ጥር ላይ ስለ መንደራችን ሾላ ጽፌ ልኬ ነበር። አርታኢዋ ዛሬ መለሰችልኝ፤ ወጥቷል። ከእኔ በላይ አንዲት የጃፓን መንደር አለች፤ ሰው ሲሞትና ሲሰደድ አንዲት ሴት በምትኩ የጨርቅ ሰው እየሰፋች በየደጁ ታስቀምጣለች። ከእኔ በታች ሬሳ ሣጥን ገደል ላይ የሚሰቀልባቸው የፊሊፒንስ ተራሮች አሉ። መሃል ላይ የእኛ ሾላ፣ ከሥሩ የእኔ ስም፤ ሂሻም ይላል። ሱምያን ጠርቼ አሳየኋት። «ጥሩ ነው» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ሰኔ 13

የጻፍሁትን እዚህም ልገልብጠው፤ ሥራዬ ነውና።

«ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ከግማሽ ያህል ርቆ፣ ሙስሊም ዓሣ አጥማጆችና ታንኳ ሠሪዎች የሚኖሩበት ትንሽ መንደር አለ። ሐይቁ ላይ ጠፍቶ ሬሳው ያልተገኘ ሰው ታንኳው ከተገኘ፣ ዳር ላይ ያለው ትልቅ ሾላ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ታንኳው ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል የታሰረ ነውና ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት በሁለት በሦስት ክረምት በስብሶ በራሱ ይወድቃል። የወደቀ ዕለት ዱዓ ይደረጋል። እናት መጠበቋን ታቆማለች፤ ሚስትም ከፈለገች ሌላ ታገባለች።»

ሸሁ ይህን ነገር አይወዱትም። በሸሪዓው የለም ይላሉ፤ ሰው ግን አይተወውም። አሁን የቆሙት ሦስት ናቸው። አንዱ የታናሽ ወንድሜ የቡርሀን መሆኑን አልጻፍሁም። ለጎብኚ ምን ይጠቅመዋል?

ፎቶው ከሁሉም ያምራል። የሾላው አይደለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁ ላይ አንድ ታንኳ ብቻውን። የድሮ እንግዳዬ ያነሣው ነው። የተቀመጠው ሰው ጥላ ብቻ ነው፤ ማንነቱ አይለይም።

ሰኔ 29

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ። ፈረንጅ አይደሉም፤ እዚሁ ባሕር ዳር የሚሠሩ የአዲስ አበባ ልጆች፣ አምስት ሆነው። ድረ ገጹ ላይ አይተው ነው። በወዳጄ በኪዳነ ወልድ ሞተር ጀልባ ወሰድኋቸው። በሾላው ሥር እየዞሩ ፎቶ ተነሡ። አንዷ ታንኳውን ልትደገፍ ስትል ጮህሁባት፤ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቅሁ።

የቡርሀን ሚስት ዘሀራ ውኃ ይዛ መጣች። ከአባቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ልጅቱ ለጓደኛዋ «ይቺ ናት እንዴ የምትጠብቀዋ?» ስትል ሰማሁ። ዘሀራም ሰምታለች። ጣሳውን ተቀብላ አጠበችና ሄደች።

አባየ ቀኑን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን ደንገል ሲያስሩ ዋሉ።

ሐምሌ 8

ዝናብ። ሰባት ሰው። ኪዳነ ወልድ «አንተ ሰውዬ፣ ሌላው ሆቴል ሠርቶ ከሰረ፣ አንተ በዛፍ ልትከብር ነው» እያለ አሳቀን። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ሐምሌ 15

ሱምያ ናት የነገረችኝ። ዘሀራን የደልጊ ከተማ ሰው ለትዳር ጠይቋታል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጀልባ ያለው፣ ደግ ነው ይላሉ። እኔ ግን አልወደድሁትም።

«ምኑን ነው የጠላህበት?» አለችኝ።

«አረማመዱ ደስ አይለኝም።»

«ተቀምጦ ነው ያየኸው» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ትክ ብላ አየችኝ።

ኢዳዋን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትቆይበትን ጊዜ፣ ከጨረሰች ስንት ጊዜዋ ነው፤ ሸሁም አንቺን የሚይዝሽ የለም ብለዋታል። እሷ ግን «ታንኳው ሳይወድቅ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላለች። ሰውየው ክረምቱ እስኪወጣ እጠብቃለሁ ብሏል። ልጆች አሉት፤ ቤቱ ያለ ሴት አይሆንለትም። ይህ ለታንኳው ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ ከዚህ አያልፍም።

የወንድሜን ሚስት ወንድሜ ብቻ እንዲያገባት የምፈልግ ይመስል ምን አናደደኝ? ወንድሜ የለም።

ሐምሌ 27

ሌሊት ነፋስ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ወደቀ። የባለቤቱ እናት ዐይናቸው አያይም፤ መርተው አምጥተዋቸው ደንገሉን በእጃቸው ዳበሱት። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልተኛ» አሉ። ዱዓው ላይ ነበርሁ፤ አላለቀስሁም።

ማምሻውን የአርታኢዋ ደብዳቤ ደረሰኝ። የዓመቱን ሃያ ምርጥ ያልታወቁ ቦታዎች ሊያወጡ ነው፤ የእኛም ታጭቷል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ፎቶ አንሺ ይልካሉ። ስንት ታንኳ እንደሚቆም ጠየቀችኝ። ሦስት አልኋት። እጄ ጻፈው።

ነሐሴ 9

ሁለተኛውም ወደቀ። የቀረው የቡርሀን ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ግራ ዘሟል። ጥቅምት ሩቅ ነው።

ነሐሴ 10

ዛሬ ያደረግሁትን ልጽፍ አልፈልግም ነበር። ግን ካልጻፍሁት እያደረ ሌላ መልክ ሊይዝልኝ ነው።

አባየ በሐይቁ ዳር ታንኳ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ደንገል አቀብላቸው ጀመር። ደስ አላቸው፤ ልጅ ሆኜ እንዲህ አደርግ ነበርና።

«አባየ፣ ሁለት ታንኳ ይሥሩልኝ።»

«ምነዋ ልጄ፣ ዓሣ ልትይዝ ነው?»

«አይ። ሾላው ላይ የሚቆም።»

እጃቸው ቆመ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ፎቶ አንሺ ይመጣል፤ እስኪሄድ ብቻ ነው። ለመንደሩም ይጠቅማል።»

«በማን ስም ላቁመው?» አሉኝ። «ባንተ ስም ላቁምልህ?»

ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ። ደንገል ማቀበሌን አላቆምሁም፤ ተነሥቶ መሄድም አፈርሁ። እስከ አሱር ሶላት ድረስ እንዲሁ ተቀምጠን ዋልን።

ነሐሴ 16፣ ጁምዓ

ሠራሁት።

ሰው ሁሉ መስጊድ በነበረ ሰዓት። አንድ ዘንግ። ሽቦ። ላስቲክ። ሶላቱ አመለጠኝ።

ነሐሴ 17

ትናንት በጥድፊያ ነው የጻፍሁት። በደንብ ልጻፈው።

የባሕር ዛፍ ዘንግ አሹዬ ከሥር ወደ ላይ በታንኳው ሆድ ውስጥ አስገባሁ፤ ጫፉን መሬት ቀበርሁት። ከጀርባው በኩል በሽቦ ከቅርንጫፍ ጋር አሰርሁት። ዝናብ እንዳይዘልቀው በዛፉና በታንኳው መካከል ላስቲክ ወሸቅሁ። ከፊት ምንም አይታይም። ቡርሀን መቅዘፊያ የሚይዝበት ጫፍ ላይ ዘሀራ ከቀሚሷ ቀድዳ ያሰረችለት ሰማያዊ ጨርቅ አሁንም አለ፤ እሱን አልነካሁም።

መንካት አይባልም ይህ፤ ድጋፍ ነው። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ፎቶ አንሺው እንደ ሄደ አወጣዋለሁ። የደልጊው ሰው እውነት ከወደዳት ጥቂት ቢጠብቅ ምን ይሆናል?

ነሐሴ 30፣ መውሊድ

መንደር ዋልን። ምግቡ ደርሶ አባየ ቢስሚላህ ሳይሉ ግድግዳውን ያዩ ጀመር። የቡርሀን መረብ እዚያ ተሰቅሏል፤ የጠፋ ቀን እንደ ነበረ ነው። በየመውሊዱ ይህን ያነሣሉ።

«ዓሣ አጥማጅ ያለ መረብ ምን ሊሠራ ሐይቅ ይወጣል?» አሉ። «ለዚያውም በነፋስ ቀን። ጠዋት ነፋሱን አይቶ ዛሬ አልወጣም ብሎኝ ነበር።»

«አላህ ነው የሚያውቀው» አለች ዘሀራ።

እኔን ሲያዩኝ «እኔ እንጃ» አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እንጃ እያልሁ ነው። ሱምያ በመንገድ ላይ ምግቡን ለምን እንደ ተውሁት ጠየቀችኝ። ሆዴን አሞኛል አልኋት።

መስከረም 9 ቀን 2018

ዝናቡ እየወጣ ነው። ዘሀራ ሾላው ሥር ቆማ አገኘኋት። ለኔ ሳይሆን ለታንኳው የምትናገር ይመስል ነበር።

«ሦስት ክረምት!» አለች። «ሌላው በሁለት ይወድቃል። ያ ሰው ምን ፈልጎ ነው የማይለቀኝ? የቀረ ነገር አለው እንዴ እኔ ዘንድ?»

«አባየ አጥብቀው ሠርተውት ነው» አልኋት።

አባየ ከኋላችን ነበሩ። «እኔ ታንኳ የምሠራው ለጥቂት ወር ነው» አሉ። «እንዲህ የሚቆም ሠርቼ አላውቅም።» ታንኳውን አዩት፤ እኔን አላዩኝም።

መስከረም 20

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ የሌሎቹን ቦታዎች አነባለሁ። ሩማንያ ውስጥ አንድ የመቃብር ቦታ አለ። በየመቃብሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት መስቀል ይተክላሉ፤ የሟቹን ሥዕል ይሥላሉ፤ እንዴት እንደ ኖረና እንዴት እንደ ሞተ በግጥም ይጽፉበታል፣ ያውም በቀልድ። ጠጥቶ የሞተው ጠጥቶ ሞተ ይባላል። መኪና የገጨው መኪናውን ይሰድባል። ማንም ምንም አይደብቅም። ሰው ከሩቅ አገር ይህን ለማየት ይሄዳል።

የቡርሀን ቢሆን ምን ይጻፍ ነበር? እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፤

«ቡርሀን ነኝ፣ የረመዳን ልጅ። መረቤን ግድግዳ ላይ ትቼ የወጣሁት ወንድሜ ደው»

ሰረዝሁት። ግጥም አልችልም።

ጥቅምት 1

የደልጊው ሰው መልእክት ልኳል። ክረምቱ ወጣ፣ ታንኳው ቆሟል፣ አላህ ያልፈቀደው ነገር ነው ብሎ ሌላ ሴት ጠይቋል። ሱምያ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልሁ።

«ዘሀራ ምን አለች?»

«ምንም። ዓሣ እያጠበች ነበር፣ ማጠቧን ቀጠለች።»

አምስት ቀን ቀረ። ፎቶ አንሺው ይምጣና ዘንጉን አወጣዋለሁ።

ጥቅምት 6

ፎቶ አንሺው መጣ። ምሥጋና ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ነው የላኩት፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሦስት ታንኳ ብሎ መጥቶ አንድ ሲያገኝ እንኳ ቅር አላለውም። ሲያነሣ አረፈደ። ከዚያ ዘሀራ ውኃ አመጣች። የሆነውን ሁሉ በተራ እጽፈዋለሁ።

ምሥጋና ሊያመሰግናት ፈልጎ «እናንተን ዓለም እያያችሁ ነው እኮ» አላትና ስልኩን አውጥቶ ገጹን አሳያት። መንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ የለም፤ ያንን ገጽ አንድም ሰው አላየውም ነበር። ለዚህ ነው ያንን ፎቶ ለመላክ ያልፈራሁት። አሁን ሳስበው ለዚህ ነው።

ዘሀራ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በጣቷ ነካችው፤ ፎቶው ጎላ። ጥላ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ጫፉ ላይ ግን ሰማያዊዋ ጨርቅ አለች።

«ይህ ቡርሀን ነው» አለች። እንደ ገና አየችው። «መረብ አልያዘም።»

ምሥጋና ምንም አያውቅም። «የሂሻም እንግዳ ነው ያነሣው፤ ቀኑም ከታች አለ» አላትና ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ጮክ ብሎ አነበበላት። «ሰኔ 3 ቀን 2015።»

ታንኳው ባዶውን የተገኘው ሰኔ 4 ነው።

ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን ስልኩ ጮኸ። ማን ነው አልሁት። ‹ማንም አይደል፣ አሁን እመለሳለሁ› አለኝ። አንተ ነህ የደወልህለት?»

«ዘሀራ…»

«ለፎቶ ነው የወጣው?»

አዎ አልሁ። ሁለት ዓመት ከነመረቡ ምሥጢር ያደረግሁትን በአንድ ቃል ጨረስሁት። አልጮኸችም። ስልኩን ለምሥጋና መለሰችና «በርታ፣ የኔ ወንድም፤ ያምራል» አለችው።

አባየ ሰምተው ኖሯል። ወደ ታንኳው ሄዱና በመዳፋቸው መቱት። ደንገል ሲመታ ድምፅ የለውም፤ ይህ ግን እንደ እንጨት ጮኸ። ጎንበስ ብለው የዘንጉን ጫፍ፣ ሽቦውን፣ ላስቲኩን አዩ። ዘሀራም አየች። አንድ ቃል ብቻ አሉኝ።

«አውጣው።»

ሽቦውን ፈታሁ፣ ላስቲኩን ሳብሁ፣ ዘንጉን ነቀልሁ። ይወድቃል ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ። አልወደቀም። ከዝናቡ ተከልሎ ስለ ከረመ ጀርባው ደርቋል። እንደ ቆመ ቀረ፤ ዘሀራም እንደ ቆመች ቀረች።

«በቃ፣ ሂድ አሁን» አሉ አባየ።

«አባየ፣ ሲወድቅ… ለዱዓው…»

ዞረው ደንገላቸውን አነሡ። ኪዳነ ወልድ እንኳ ባሕር ዳር እስክንደርስ አንድ ቀልድ አልተናገረም።

ጥቅምት 8

ለሱምያ ነገርኋት። እዚህም ልጻፈው፤ ከእንግዲህ ማንን ልደብቅ።

የመጨረሻው እንግዳዬ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ታንኳ ብቻውን ፈለገ። ለቡርሀን ደወልሁለት። «ነፋሱ አላማረኝም» አለኝ። «አምስት ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ስትል» አልሁት። ለእኔ ስትል ካልሁት እንቢ ብሎኝ አያውቅም። እኛ በሞተር ጀልባ ላይ ሆነን እያነሣን፣ ወደ ውስጥ ግባ፣ ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ራቅ እያልሁ እጄን አወዛወዝሁለት። እንግዳው ተደሰተና አጨበጨበ። እራት ሰዓት ደርሶ ስለ ነበር ዳር ሳይወጣ ጥለነው ሄድን። ዞር ብዬ አላየሁም። ነፋሱ የበረታው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ መስኮት ሲላተም ሰማሁና ዝጉት አልሁ።

ሱምያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ለዘሀራ ነግረሃት ቢሆን ኖሮ» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

ጥቅምት 14

ሱምያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በጠዋት ወጣች። የት እንደ ሆነ አልነገረችኝም። ማታ ስትገባ ጫማዋ ጭቃ ነበር። እግሯን ታጥባ ሰገደችና ተኛች። ምን ሆንሽ አልኋት። ደክሞኛል አለችኝ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ከድረ ገጹ መልእክት መጣ፤ ስለ ቦታዬ አዲስ አስተያየት ተሰጥቷል ይላል። አንድ ኮከብ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ጥቅምት 14 ከባሕር ዳር ድረስ ሄደን ነበር። የሚባለው ጀልባ የለም። ዛፍ ሥር የወደቀ ደንገል አለ፤ ዙሪያውን ብዙ ሰው ተቀምጦ ዱዓ ያደርግ ነበር። ፎቶ አይቻልም አሉን። አንዲት ሴት ውኃ ሰጠችን፣ ‹አልቋል፣ አረፍ በሉ› አለችን። አቀባበላቸው ጥሩ ነው፤ የሚታይ ነገር ግን የለም።»

ሱምያን ጠርቼ አነበብሁላት። «አዎ» አለች። «ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው የወደቀው። ዘሀራ ናት የደወለችልኝ።»

«እኔን ግን ማንም…»

«ብቻሽን ነይ አለችኝ።»

ከአስተያየቱ ሥር «ቦታው አሁንም አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የለም የሚለውን ነካሁ። ምክንያት ይጻፉ አለኝ። ወድቋል ብዬ ጻፍሁ። ስለ ትብብሬ አመሰገነኝና ወዲያው ሌላ ጠየቀኝ፤ በአካባቢዎ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ቦታ አለ?

አባየ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ መረብ አለ። ስልኩን ዘጋሁት።